አምስት ኮከብ የሰጠሁት የኦክስጅን ማሽን

የምስክር ቃል

ስም፦ በምስክሩ ጥያቄ በታሸገ ወረቀት ለብቻው ተይዟል። በሰፈራቸው «ደቂቃ» በሚል ቅጽል ይጠራሉ።
ዕድሜ፦ 76
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ
አድራሻ፦ በታሸገው ወረቀት ላይ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10 ጀምሮ
ጉዳዩ፦ በኢንተርኔት ገበያ ላይ «ታማኝ ዕቃ» በሚል ስም የሚሸጥ ግለሰብ

እኔ ምስክሩ ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን ከመጀመሬ በፊት ወንበሬ ከመስኮቱ እንዲርቅልኝ ጠይቄ መርማሪው አርቆልኛል። ከመንገድ መታየት ስላልፈለግኩ ነው። የቢሮው የግድግዳ ሰዓት አራት ደቂቃ ወደኋላ እንደሚቀርም ነግሬዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ቃል ውስጥ የሚጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ በእጄ ሰዓት የተያዙ ናቸው። መርማሪው «ይሄ ይጻፍ?» ሲለኝ «ይጻፍ፤ ፖሊስ አርፍዶ ከሚደርስበት ምክንያት አንዱ ተገኘ ማለት ነው» ብዬዋለሁ። ይህን የተናገርኩት ስለፈራሁ ነው። ስፈራ እቀልዳለሁ።

ባለቤቴ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ስትሆን ሳንባዋ ከታመመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሐኪሟ በቀን ቢያንስ አሥራ አምስት ሰዓት ኦክስጅን እንድትወስድ አዟል። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከክፍሉ አየር አጣርቶ ከሚያወጣ ማሽን ሲሆን በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይገባል። እኔ በዚህ ቱቦ ምክንያት «ዝሆኔ» እላታለሁ። እሷም ትራስ ትወረውርብኛለች። ትራሱ እኔ ጋ የደረሰ ቀን ደህና ናት ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ከወደቀ ሐኪም እንጠራለን። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምባቸው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደሮችም አሉን፤ ቶሎ ስለሚያልቁ ግን በእነሱ ብቻ መኖር አይቻልም።

ማሽኑን በውሰት የሰጠን ሆስፒታል ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሌላ ሕመምተኛ ተፈልጎ በአሥር ቀን ውስጥ እንድንመልስ ተነገረን። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነበር። ከእኛ ጋር የምትኖረው የልጅ ልጄ ፀጉር ቤት ትሠራለች። እሷ «ታማኝ ዕቃ» የተባለው ሻጭ ያገለገለ ማሽን እንዳለው ስልኳ ላይ አሳየችኝ። በእኔ ስልክ በእኔ ስም መዝገብ ከፈተችልኝና እንዴት እንደሚገዛ አስተማረችኝ። ከሥዕሉ ሥር ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አመስግነውታል። ሁሉንም አነበብኩ። አንዷ «እናቴን ከሞት አፍ መለሰልኝ» ብላ ነበር። እኔም አመንኳት። ይህችን ሴት ማን እንደፈጠራት ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ማሽኑ የመጣልን ባለፈው ሳምንት ዓርብ ከቀኑ 8፡20 ነው። ላዩ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ከጀርባው ብሎኖቹ ላይ «ከተከፈተ ዋስትና የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሰካነው፣ ተነሳ፣ የውኃው ጠርሙስ አረፋ አወጣ። የልጅ ልጄ «አባባ፣ ደርሶኛል የሚለውን ንካ» ብላኝ ነካሁ። የሆስፒታሉን ማሽን በማግስቱ ሊወስዱ የነበሩት ሰዎች ቀድመው መጥተው በዚያው ከሰዓት ወሰዱት።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ ባለቤቴን እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። «እኔ ሳወራ ነው የምትተኚው?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ጣቷን ቆንጥጦ የደሟን ኦክስጅን የሚለካውን ዕቃ ሳደርግላት ጠዋት 93 የነበረው ቁጥር 86 ሆኗል። ያን ጊዜ ነው ጆሮዬን ወደ ማሽኑ ያዞርኩት። የሆስፒታሉ ማሽን በየስምንት ሰከንዱ «ጵስ» ይል ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ቆጥሬዋለሁ፤ የሰዓት ጠጋኝ ጆሮ ጡረታ አይወጣም። ይሄኛው ግን ከመጣ ጀምሮ እንደ ማራገቢያ «እም» ብቻ ነው የሚለው። ምት የለውም። ቱቦውን ነቅዬ ከትልቁ ሲሊንደር ጋር አገናኘሁት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ወደ 92 ተመለሰ፤ ባለቤቴም ዓይኗን ገልጣ «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ላይ የልጅ ልጄ ሥራ ከሄደች በኋላ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ፈታሁት። በውስጡ አየሩን የሚያጣሩ ሁለት ጣሳዎች መኖር ነበረባቸው፤ የሉም። በቦታቸው በፕላስቲክ የታሰረ ሁለት ከረጢት አሸዋ ተቀምጧል፤ ክብደቱ እንዳይጎድል መሆኑ ነው። ቱቦው ከሞተሩ በቀጥታ ወደ ጠርሙሱ ተቀጥሏል። ባለቤቴ ስትስበው የዋለችው የራሳችንን ሳሎን አየር ነው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት መርማሪው ሳያለዝብ እንዲጽፍልኝ ጠይቄያለሁ። እኔ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የከፈትኩትን ነገር ሳላጸዳ ዘግቼ አላውቅም። የሰው ሰዓት ከነቆሻሻው መዝጋት በእኛ ሙያ ነውር ነው። እጄ ራሱ ሄደ። አሸዋውን በረንዳ ላይ ባለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ደፋሁት፣ ከረጢቶቹን ጣልኩ፣ ውስጡን በብሩሽ ጠረግኩ፣ በአልኮል ወለወልኩ፣ ብሎኖቹን በየተራቸው አሰርኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከእኔ በላይ ንጹሕ ሰው አልነበረም። የልጅ ልጄ ለምሳ መጥታ «ፎቶ አነሳኸው?» አለችኝ። «አይ፣ አጸዳሁት» አልኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ማስረጃውን እኮ አጠብከው» አለችኝ።

ቢሆንም በዚያው ቀን 7፡15 ላይ ለገበያው አስተዳደር ቅሬታ አስገባን። በሻጩ ገጽም ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቼ «ማሽኑ ለሙቀት ወራት ግሩም ማራገቢያ ነው፤ አሸዋውም ለአበባ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍኩ። የልጅ ልጄ «ቀልድ ይቅርብህ፣ እውነቱን ብቻ ጻፍ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። አስተዳደሩ «የዋስትናው ወረቀት ስለተቀደደና ፎቶ ስላልቀረበ ጉዳዩ በአምስት ቀን ውስጥ ይታያል» የሚል መልስ ላከልን። ሻጩም «አባቴ፣ ራስዎ ፈትተው ራስዎ አጉድለውት ነው» አለኝ። እኔም «የእኔን አሸዋ መልስልኝ ካልክ ማሰሮው ውስጥ አለ» ብዬ መለስኩለት።

እሑድ ጠዋት 3፡05 ላይ ከጻፍኩት ሥር ሌላ ሰው ጽፎ አገኘሁ። «አባቴ በዚህ ሰውዬ ማሽን ላይ እያለ ነው ያረፈው። የበሽታው ነገር መስሎን ነበር» ይላል። ቀልድ አልመጣልኝም። ወዲያው በደብተሬ ገለበጥኩት። 4፡10 ላይ ተመልሼ ሳይ ጽሑፉ ጠፍቷል። የገለበጥኩበትን ገጽ ቀድጄ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ሰኞ ጠዋት 3፡15 ላይ ትንሹን ሲሊንደር ለማስሞላት ወጣሁ። ባለቤቴ በትልቁ ላይ ነበረች። 4፡25 ላይ ሲሊንደሩን በባለጎማ ዘንቢል እየጎተትኩ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ በራችን ገርበብ ብሏል። ሳሎን ውስጥ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠዋል። አንደኛው ሽቶ የተቀባ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ወጣት፣ ትከሻው ሰፊ፣ እስኪወጣ ድረስ አንዴ ብቻ የተናገረ ነው። ባለቤቴ ደስ ብሏት «መጣህ? ከገበያው ተልከው ማሽኑን ሊያዩልን መጥተዋል» አለችኝ።

ባለሽቶው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አባቴ፣ ስንጠብቅዎ ቆየን» አለኝ።

«ብዙ ከቆያችሁ ኪራይ አስከፍላለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው እጁን ያየሁት። የተቀመጠው ከባለቤቴ ወንበር ኋላ ሲሆን ቀኝ እጁ የትልቁ ሲሊንደር መክፈቻ ላይ ነበር። አልጠመዘዘውም። ሰው የድመት ራስ ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ አሳርፎታል። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር አላየችም።

«ይሄ በየት በኩል ነው የሚዘጋው?» አለኝ ወጣቱ።

የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ባለሽቶው ከአጠገቤ ቆሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «የጻፉትን አይተነዋል፤ ተጫዋች ሰው ነዎት። አሁን ደግሞ አንድ ደህና ነገር ይጻፉልን፣ ማሽኑንም ወስደን እናስተካክልልዎታለን» አለኝ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ ስለ እኔ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። «ስሙ ልጆቼ፣ ይሄ ሰውዬ ያገኘውን ሁሉ መፍታት ልማዱ ነው፤ በእሱ አትቀየሙ» አለቻቸው። እኔ ይህን ሳዳምጥ ዓይኔ ከመክፈቻው አልተነሣም።

ስልኬን አወጣሁ። ባለሽቶው እየነገረኝ እንደሚከተለው ጻፍኩ፦ «ማሽኑ እንደ አዲስ ይሠራል። ቅሬታዬ የእኔ ስህተት ነበር። ባለቤቴ በሰላም ትተነፍሳለች።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የፀጉር ስፋት ያለው ሽቦ በመቆንጠጫ ይዤ የማልንቀጠቀጥ ሰው ነኝ። ኮከቦቹን መንካት ሲያቅተኝ ባለሽቶው ጣቴን ይዞ አምስተኛዋ ላይ አስቀመጠልኝ። ለአስተዳደሩ ያስገባሁትንም ቅሬታ እንድሰርዝ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ ወጣቱ እጁን አንሥቶ ማሽኑን ተሸከመና ወረደ። ባለሽቶው በሩ ላይ ቆም ብሎ «የልጅ ልጅዎ የምትሠራበት ፀጉር ቤት ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው ነው አይደል? እጇ ጥሩ ነው ይላሉ» አለኝ። ከጠዋቱ 4፡52 ነበር።

ባለቤቴ «ጨዋ ልጆች ናቸው» አለች። እኔም «በጣም» አልኳት። ለልጅ ልጄ ሰዎቹ ማሽኑን ሊጠግኑ ወሰዱት ብዬ ዋሸኋት። ለሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም፤ ሲሊንደር የምታስሞላው የልጅ ልጄ ነበረች። ደረጃ ላይ የሚወጣ ሰው ኮቴ እንዳያመልጠኝ በቤቱ ያሉትን አሥራ አንድ የግድግዳ ሰዓቶች ሁሉ አቆምኳቸው። ሲሊንደሩን ከወንበሯ ኋላ አንሥቼ ከፊቷ አደረግኩት። መክፈቻውንም በየሰዓቱ እየሄድኩ እነካው ነበር።

ዛሬ ረቡዕ ጠዋት 1፡35 ላይ በገበያው መልእክት መላኪያ በኩል በሴት ስም የሚከተለው ደረሰኝ፦ «ጤና ይስጥልኝ አባባ። እርስዎ የጻፉትን አንብቤ ለእናቴ ከዚህ ሰው ማሽን ገዛሁ። ትናንት ደረሰን፣ ከደረሰን ጀምሮ አላወለቅንላትም። ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። የእርስዎ ባለቤትም መጀመሪያ እንደዚህ አድርጓቸው ነበር?»

ስልኩን በግንባሩ ደፍቼ ተቀመጥኩ። መልስ ለመስጠት ፈራሁ። የፈራሁትም ጻፊው ራሱ ሻጩ ነው ብዬ ነው። እውነቱን እንደምናገር ወይም እንደማልናገር ሊፈትነኝ፣ የታማሚ ልጅ መስሎ፣ «አባባ» ብሎ የጻፈ መሰለኝ። ሠላሳ አመስጋኝ የፈጠረ ሰው አንዲት ልጅ መፍጠር አያቅተውም። «አውልቂላት» ብዬ ብመልስና ሻጩ ቢሆን፣ የልጅ ልጄ ከሥራ ወጥታ የምትመጣበትን መንገድ ያውቃል። ዝም ብልና እውነተኛ ልጅ ብትሆን ደግሞ፣ እዚያ አንዲት ሴት የሳሎኗን አየር እየሳበች ነው።

ባለቤቴ ከወንበሯ ሆና «ሰዓቶቹን ለምን አቆምካቸው?» አለችኝ።

«ጡረታ ወጡ» አልኳት።

«አሥራ አንዱም ባንድ ቀን?»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። የወጣቱን እጅ ስነግራት ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ባዶ ቦታ ተመለከተች። ረጅም ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ስለማትችል እየቆመች ነው የተናገረችው። «የፈራኸው ለእኔ ነው» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲህ በእኔ አታሳብብ። ... የሰው እናት እያፈነ የሚመጣልኝን ትንፋሽ ... አልፈልግም። ተነሥ፣ ሱሪህን ቀይር።» እኔም በፒጃማ እንደሆንኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የልጅ ልጄን ከሥራ አስቀርቼ ጎረቤታችን አናጢው ከነመዶሻው ሳሎናችን እንዲቀመጥ ለመንኩት። ወደዚህ የመጣሁት ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ሲሆን መንገዱ ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

በመርማሪው «መልእክቱ ከደረሰዎት ጀምሮ መልስ ሰጥተዋል?» ተብዬ ስጠየቅ አልሰጠሁም ብያለሁ። ከ1፡35 እስከ አሁን ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ መሆኑን የቆጠርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሜ መናገር ሲገባኝ መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ «አባት፣ ሻጩም ከሆነ ይወቅ። አሁኑኑ ይላኩላት» አለኝ። በ4፡48 በእሱ ፊት እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «የጻፍኩት ውሸት ነው፤ አስገድደውኝ ነው። ማሽኑ ባዶ ነው። አሁኑኑ አውልቂላት፤ ወዲያው አምቡላንስ ጥሪ። የት እንደሆናችሁ ላኪልኝ፣ ደውዪልኝ።» ቁጥሬንም አብሬ ሰጠሁ። መልእክቱ ወዲያው እንደተነበበ ስልኩ ያሳያል። መልስ ግን አልመጣም።

ያነበበው ሻጩ ከሆነ እኔ የት እንዳለሁ በዚህ ሰዓት ገምቷል። ልጅቱ ከሆነች ደግሞ መልስ ያልሰጠችው እጇ ሥራ ይዞባት ይሆናል። ወይም ረፍዶባት ይሆናል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ሁለት ቦታ ላይ መርማሪው «ተረበሽኩ» ብሎ የጻፈውን «ፈራሁ» ተብሎ እንዲታረም አድርጌያለሁ። በገበያው ገጽ ላይ ከስሜ ሥር ያለው ምስጋና ሐሰት ነው፤ እዚህ የሰጠሁት ቃል ግን እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቄ፣ ፍርድ ቤትም ሻጩ ባለበት ለመድገም ተስማምቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ (ፈርመዋል)
የመርማሪው ፊርማ (ፈርሟል)
ሰዓት፦ 5፡09

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ

ፈርሜ ከወንበሬ ስነሣ በ5፡12 ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። መርማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የሴት ድምፅ ነበር፤ እያለቀሰች ስለሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። «አባባ፣ አወለቅሁላት። አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ እስካሁን አልደረሱም። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ግን ስጠራት ትሰማኛለች» አለች። መርማሪው አድራሻዋን ተቀብሎ አምቡላንሱን ለማስቸኮል በሌላው ስልክ ደወለ። እኔም ሐኪሙ ያስተማረኝን ነገርኳት፤ ቀና አድርጋ እንድታስቀምጣት፣ መስኮት እንድትከፍት፣ እንድትተኛ እንዳትተዋት።

«እንዳትተኛ ምን ልበላት?» አለችኝ።

«ምን ያናድዳታል?» አልኳት።

«ወጥ አትችዪም ስላት» አለች።

«እንግዲያው እሱን በያት። ሰዎቹ እስኪደርሱ ደጋግመሽ በያት» አልኳት።

ስልኩ ሳይዘጋ ልጅቱ «እማዬ፣ ወጥ እኮ አትችዪም» ስትል ሰማናት። በ5፡17 ከወዲያ በኩል ደካማ የሆነ የሌላ ሴት ድምፅ «ማን ነው ያለው?» ሲል እኔም መርማሪውም ሰምተናል። ይህንንም ጨምሬ በድጋሚ ፈርሜያለሁ።